የአሥራ አንድ ሜትሩ ቋጠሮ

በዚያ ስታዲየም ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መስመር ያሰመረውን ሰው ተጫዋቾቹ «አባ ኖራ» ይሉት ነበር። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ጫማው፣ የሱሪው ጫፍ፣ የጥፍሮቹ ሥር፣ አንዳንዴም ቅንድቡ ሳይቀር በኖራ ይነጣል። ባለቤቱ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ቆማ «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ግድግዳ?» ትለዋለች። እሱም «ግድግዳ ብሆን ተደግፈሽብኛል» ይላታል። ከዚያ ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል።

ቡድኑ ለአሥራ ሰባት ዓመት ከአገሪቱ ዋና ሊግ ወርዶ አያውቅም። ዋንጫም በልቶ አያውቅም። አንድ ዓመት ስድስተኛ፣ አንድ ዓመት አሥራ አንደኛ እየሆነ፣ እንደ ደኅና ቤተሰብ ሳይተርፈውም ሳይጎድልበትም ይኖር ነበር። አባ ኖራ ግን ስለ ደረጃ ብዙም አያወራም። የእሱ ነገር ሜዳው ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ሰው ሁሉ ሳይመጣ ይገባል፤ መካከለኛው ክብ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ማንም እግሩ እንዳይሰበር፣ እኔም እንዳልሳሳት» ይላል። ጸሎቱ ይቺው ናት። ከዚያ ገመዱን ያወጣል።

ስለ ገመዱ መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና።

ወፍራም የተገመደ ገመድ ነው። በየልኩ ቋጠሮ አለው፤ አንዱ ለትንሹ ሳጥን፣ አንዱ ለትልቁ፣ አንዱ ደግሞ ለፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ የሚሆን የአሥራ አንድ ሜትር። ልኩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቋጠሮ ነው። ከመጀመሪያው ቋጠሮ ወደ ኋላ ደግሞ ሁለት ስንዝር የሚሆን ጭራ አለው፤ ጫፉ ላይ እንደ ቀለበት ታስሯል። ገመዱን የሠራው ጓደኛው ነበር። ያ ሰው ከንግግሩ ዝምታው ስለሚበዛ «ጭምቱ» ይባላል። ሁለቱ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ለክተዋል። ጭምቱ የግቡ መስመር ላይ ተንበርክኮ የገመዱን መነሻ ይይዛል፤ አባ ኖራ ሌላውን ጫፍ እየዘረጋ ሄዶ ቋጠሮው ያረፈበት ላይ ኖራ ያፈስሳል። አንድ ቀን እንኳ ቦታ ተለዋውጠው አያውቁም። ባልና ሚስት አልጋ ላይ ጎን እንደማይለዋወጡ ሁሉ፣ ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ጭምቱ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሞተ። በልብ ድካም ነው አሉ። ጠዋት ሣር ሲያጭድ አርፍዶ፣ ከሰዓት በኋላ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ጋደም እንዳለ አልተነሣም። ያገኘው አባ ኖራ ነው።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ «ሌላ ሰው እንቅጠርልዎ?» ቢለው፣ «ግድ የለም፣ እወጣዋለሁ» አለ። በጓደኛው ቦታ ሌላ ሰው ተንበርክኮ ማየት አንጀቱ አልቻለም። እናም ብቻውን የሚሠራበት ዘዴ ፈጠረ። የግቡ መስመር መካከል ላይ ችካል ይመታል፤ የገመዱን ቀለበት ችካሉ ላይ ያጠልቃል፤ ከዚያ እየጎተተ ይሄድና የአሥራ አንድ ሜትሩ ቋጠሮ ዘንድ ሲደርስ ነጥቧን ያደርጋል። የሳጥኑ መስመሮች አያስቸግሩትም፤ ኖራው ሣሩን ስለሚያቃጥለው የአምናው ምልክት ዘንድሮም ይታያል፤ በላዩ ላይ መሄድ ብቻ ነው። የቅጣት ምቷ ነጥብ ግን ተጫዋች ሁሉ በጫማው ስለሚቆፍራት በየጨዋታው አፈር ተሞልቶ እንደገና ትለካለች። ዳኞቹም ቢሆኑ መረቡን ይነካካሉ፣ መስመሩን በዓይናቸው ያያሉ እንጂ ሜትር ይዞ የሚመጣ አልነበረም። «አባ ኖራ ያሰመረው ነው» ካሉ አበቃ።

ውድድሩ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ቡድኑ ደኅና ሄደ። ደጋፊው ሁሉ በረኛውን ሰማይ ሰቀለው፤ በሜዳቸው ከተመታበት አምስት ፍፁም ቅጣት ምት አራቱ ሳይገቡ ቀርተዋል። ሁለቱን አዳናቸው፣ ሁለቱ ወደ ላይ ወጡ። ጨዋታውን በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ሰውዬ ሳይቀር «ይህ ግብ ተጸልዮበታል መሰለኝ» ብሎ ቀለደ። አባ ኖራም ሰምቶ ደስ አለው። ጸሎቱን ያወቁበት መሰለው።

በሁለተኛው ዙር ነገር ተበላሸ። ሁለት ተከላካዮች ተጎዱ፤ ቡድኑ በተከታታይ አምስት ጨዋታ ተሸነፈ። ከታች ሦስተኛ ሆነ፤ የሚወርዱት ደግሞ ሦስት ናቸው። ሃያ አራተኛው ሳምንት ላይ፣ በሜዳቸው አንድ ለአንድ እያሉ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፍፁም ቅጣት ምት አገኙ።

ኳሷን ያነሣት አምበሉ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያው ክለብ ታዳጊ ሆኖ ጀምሮ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ፍፁም ቅጣት ምት ስቶ አያውቅም። አምበሉ ተንደርድሮ መታ፤ ኳሷ የአግዳሚውን የላይኛውን ጠርዝ ገጭታ ወደ ደጋፊው ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮው ኑሮ አልሆነም። «አግዳሚውን ቀባው!» የሚል ዘፈን ወጣለት። ኳስ በነካ ቁጥር ከአንዱ ጥግ ይነሣል፤ ወዲያው ስታዲየሙን ይዞራል። ዘፈኑ ከተጋጣሚ ደጋፊ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ የገዛ ደጋፊው ነው። ሚስቱ ገበያ መውጣት ተወች። የስምንት ዓመት ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ አልጋ ውስጥ ተሸፍና ዋለች። አምበሉ ልምምድ ሲመጣ ማንንም ቀና ብሎ አያይም፤ ሲጨርስ በኋላ በር ሹልክ ብሎ ይወጣል። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ኳስ ሊያቆም ነው ተባለ።

አባ ኖራ ይህን ሁሉ ከሜዳው ዳር ሆኖ ያያል። ያዝንለታል፤ ግን እሱን የሚመለከተው ነገር አልመሰለውም።

ሃያ ሰባተኛው ሳምንት እንዳለፈ ሰኞ ቀን የጭምቱን ባለቤት ሊጠይቃት ሄደ። ሄዶ ከጠየቃት ሁለት ወር አልፎት ነበርና አፍሮ ነው የገባው።

«ወንድሜ፣ መንገዱ ጠፋህ?» አለችው።

«ጠፋሁ እንጂ መንገዱማ አለ። ይቅር በዪኝ።»

«ተቀመጥ። ቀጭነሃል።»

ሳሎኗ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበርና አንድ ቁም ሣጥን ይሞሏታል። ቁም ሣጥኑ ላይ በፍሬም የተቀመጠ ፎቶ አለ። አባ ኖራ ስንት ጊዜ አይቶታል። አንድ ጋዜጠኛ ስለ ስታዲየሙ ሲጽፍ ያነሣው ነው፤ ጭምቱ የግቡ መስመር ላይ ተንበርክኮ፣ ገመዱን ይዞ፣ ፀሐዩ ዓይኑን እየወጋው ፈገግ ብሏል። ሴትዮዋ ሻይ ልታመጣ ስትነሣ አባ ኖራ ፎቶውን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። የናፈቀው ፊቱን ነበር። ዓይኑ ግን እጁ ላይ ወደቀ።

ጭምቱ መስመሩ ላይ በጡጫው የያዘው ቀለበቱን አልነበረም። የያዘው የመጀመሪያውን ቋጠሮ ነው። ጭራው በጡጫው ሥር አልፎ፣ ወደ መረቡ በኩል ሣሩ ላይ ተጋድሟል።

ሴትዮዋ ሻዩን ይዛ ስትመለስ ፎቶውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ አገኘችው።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም። እሱ... ቋጠሮውን ነበር የሚይዘው።»

«እሱማ የያዘውን አይለቅም ነበር» አለች፤ እንባዋ መጣ። ሌላ ነገር ያወራ መስሏት ነው። አባ ኖራም አላረማትም። ሻዩን በትኩሱ ጠጥቶ፣ ምላሱ ተቃጥሎ ወጣ።

በቀጥታ ስታዲየም ሄደ። ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው የብረት ሜትር ተውሶ ከግቡ መስመር እስከ ነጥቧ ለካ። አሥራ አንድ ሜትር ከሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር። ወደ ሌላኛው ግብ ሄዶ ለካ። ያው ነው። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሜዳ የተመታ ፍፁም ቅጣት ምት ሁሉ፣ የእነሱም የእንግዳውም፣ ሁለት ስንዝር ከራቀ ቦታ ነው የተመታው። ሣሩ ላይ ቁጭ አለና ባርኔጣውን አወለቀ። መጸለይ ፈልጎ ነበር፤ ቃል ግን አልመጣለትም።

በማግስቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ የዚያን ሰሞን ግን እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል። አባ ኖራ ነገሩን ሲነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ለማን ነግረዋል?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«ጥሩ። ዛሬውኑ ያስተካክሉት። ከዚያ አፍዎን ይዝጉ።»

«እንዴት ዝም እላለሁ?»

«አባ ኖራ፣ ይስሙኝ። ሦስት ጨዋታ ቀርቶናል። አራት ቡድን እዚህ መጥቶ ስቷል። ይህን ቢሰሙ ነጥብ ይቀነስባቸው ብለው ነው የሚነሡት። ክለቡን በእጅዎ ሊቀብሩት ነው?»

«ልጁስ? አምበሉስ?»

«እሱማ አንዴ ተሰድቧል። ስድብ ይረሳል። መውረድ አይረሳም።»

አባ ኖራ ነጥቦቹን ያን ቀን አስተካከለ። ቀለበቱን ትቶ ቋጠሮውን በችካል ወጋው፤ ቀላል ነበር፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሲጨርስ ሜዳው ላይ ምንም የሚያስታውቅ ነገር አልነበረም። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ይህ ነው ያስፈራው።

ረቡዕ ከልምምድ በኋላ አምበሉን የተመልካቹ ደረጃ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲፈታ አገኘው።

«አባ ኖራ፣ ምነው ዛሬ ፊትዎ ከኖራዎ ይልቅ ነጣ?» አለው አምበሉ። ቀልዱ ከልቡ አልነበረም።

አባ ኖራ አጠገቡ ተቀመጠና ነገረው። ስለ ችካሉ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ፎቶው። አንድም አላስቀረም። አምበሉ እጁ ክሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ስንት አሉኝ?»

«ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር።»

አምበሉ ነጥቧን ከሩቅ አያት። አባ ኖራ ይቆጣኛል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብሎ ጠበቀ።

«አባ ኖራ፣ እውነቱን ልንገርዎ? ለሚስቴም አልነገርኳትም። ያን ቀን ፈርቼ ነበር። ኳሷን ሳስቀምጥ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ዘጠኝ ሜትርም ቢሆን እንጃ።»

«ዘጠኝ ሜትር አልነበረማ። አሥራ አንድም አልነበረም።»

«ይተዉት ይልቅ። የሚሰደብ አንድ ሰው ይበቃል። እኔ በዚህ ክረምት አቆማለሁ፤ እርስዎ የት ይሄዳሉ?»

«ልጄ» አለ አባ ኖራ፤ «ፍርሃቱ ያንተ ነው፤ ከፈጣሪህ ጋር ትነጋገርበታለህ። ልኬቱ ግን የእኔ ነው። የእኔን አንተ ተሸክመህ ስትሄድ እያየሁ ሜዳ መካከል ቆሜ ልጸልይ? በምን አፌ?»

አምበሉ ጫማውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አባ ኖራ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ እስኪያበቃለት ተቀመጠ። ማሊያው ላይ የነጭ እጅ ምልክት ቀረ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባ ኖራ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘረጋ። ባለቤቱ ሽንኩርት ትልጣለች። ሦስት ቀን ምግብ ሲገፋ አይታ፣ ጠይቃው፣ ነገሩን ሁሉ ታውቃለች።

«ጻፈውና እንገላገል፤ ቤቱን የሐዘን ቤት አደረግኸው እኮ» አለችው።

«ቢያባርሩኝስ?»

«ቢያባርሩህ ቤት ትቀመጣለህ። የቤቱን ግድግዳ ታሰምራለህ።»

ሳይወድ ሳቀ። ለሊጉ ጽሕፈት ቤት ጻፈ። ሲጨርስ አነበበላት።

«‹ጓደኛዬ ስለሞተብኝ› የሚለውን አውጣው» አለች።

«እውነት ነው እኮ።»

«እውነት ነው። ግን የሚያነበው ሰው ወይ ያዝንልሃል፣ ወይ ጥፋቱን የሟቹ ያደርገዋል። የትኛውን ፈልገህ ነው?»

አባ ኖራ ጥቂት አሰበና ሰረዘው። በምትኩ «ገመዱን ብቻዬን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲቀጠር ተጠይቄ እንቢ ያልኩትም እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ በእጁ ወሰደው።

ከሊጉ ሦስት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ገመዱን ዓመቱን ሙሉ እንደያዘው እንዲይዝ አደረጉት፤ ለኩ፤ ጻፉ፤ ፎቶ አነሡ። አባ ኖራ እንደ ተማሪ ቆሞ የተጠየቀውን መለሰ። ከሳምንት በኋላ ውሳኔው በሬዲዮ ተነበበ። ሁለቱም ተጋጣሚዎች የመቱት ከአንድ ርቀት በመሆኑ፣ በጊዜውም ክስ ያቀረበ ቡድን ባለመኖሩ ውጤቶቹ ሁሉ ይጸናሉ። ክለቡ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። የሜዳው ሠራተኛ ግን እስከሚቀጥለው የውድድር ዘመን መጨረሻ ድረስ መስመር እንዳያሰምር ታገደ። ሥራ አስኪያጁ አላባረረውም፤ ግን አላነጋገረውም። ውሃ ማጠጣትና አረም መንቀል ብቻ ተወለት።

ዜናው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። አምበሉ ለሬዲዮው ጋዜጠኛ «የሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሰውዬውን ተዉት» ቢልም የሰማው የለም። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳስ ሲነካ «አግዳሚውን ቀባው» የሚለው ዘፈን አልተነሣም። በምትኩ ሌላ ተነሣ። «ሁለት ስንዝር! ሁለት ስንዝር!» ስታዲየሙ ወደ መሣሪያ ክፍሉ ዞሮ ነበር የሚጮኸው።

የመጨረሻው ጨዋታ በሜዳቸው ነበር። ካሸነፉ ይተርፋሉ። አባ ኖራ በሃያ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደጋፊው መካከል ተቀምጦ አየ፤ መስመሩን ሌላ ሰው ነበር ያሰመረው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር፤ አይቶ አመሰገነ። አምበሉ ያን ቀን እንደ ጎረምሳ ሮጠ። አንድ ግብ አገባ፤ ግን በሰማንያኛው ደቂቃ ግብ ገባባቸው፤ አንድ ለአንድ አለቀ። በአንድ ነጥብ ጎድለው ከዋናው ሊግ ወረዱ። በአንድ ነጥብ! ሃያ አራተኛው ሳምንት ያልታወሰው ሰው አልነበረም።

አባ ኖራ በኋላ በር መውጣት ይችል ነበር፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ነገር ግን በዋናው በር ከሕዝቡ ጋር ወጣ። ገና ሦስት እርምጃ ሳይሄድ አወቁት። አንድ ሽማግሌ ደጋፊ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ኮሌታውን ያዘው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ደገፍኩ! አንተ በገመድህ ቀበርከን!»

«አዎ» አለ አባ ኖራ።

«አዎ ትለኛለህ?»

«ምን ልበልዎ? ልክ ነዎት።»

ሽማግሌው ኮሌታውን እንደያዘ አለቀሰ። ከኋላ አንዱ የውሃ ጠርሙስ ወረወረ፤ ትከሻውን መታው። አባ ኖራ እጁን አላነሣም። ያኔ በሰዎቹ ራስ መካከል አምበሉን አየው። መኪና ማቆሚያው ዘንድ ከሚስቱና ከልጁ ጋር እየሄደ ነው። ልጅቱ እጁን ይዛ ትዘልላለች። አንድ ሰው እያለቀሰ መጥቶ ጨበጠው፤ ሌላው ጀርባውን መታ መታ አደረገው። የሰደበው የለም። አምበሉ ዞር ሲል ግርግሩን አየ፤ የልጁን እጅ ለቅቆ ወደ አባ ኖራ መምጣት ጀመረ።

አባ ኖራ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ሂድ፣ ሂድ ከልጅህ ጋር፣ ብሎ ምልክት ሰጠው። አምበሉ ቆመ። ከዚያ አምበሉ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣውና ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ።

የጠርሙሱ ውሃ በአንገቱ እየወረደ አባ ኖራ ወደ ቤቱ ሄደ። ትከሻው ያመዋል። ስለ ቡድኑ አዝኗል፤ ሐዘኑም ዓመት የሚፈጅ እንደሆነ ያውቃል። ሆኖም መንገድ ላይ ቃላቱ ሳይፈልጋቸው መጡለት። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ልጁ አመሰግንሃለሁ» አለ።

«አባ ኖራ» የሚለው ስም ከዚያ በኋላ ቀረ። በማግስቱ ዳቦ ቤት ተሰልፎ ሳለ ሻጩ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣና «ሁለት ስንዝር! ተራህ ነው» አለው። ሰልፉ ሳቀ። እሱም ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ «አለሁ» ብሎ ወደ ፊት ተራመደ።